እትዬ ቪዮላና ያልተቀረጸው ሲምፎኒ

በኦርኬስትራው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሁሉም “እትዬ ቪዮላ” ይሏታል፤ እሷም አቤት ትላለች። ቪዮላ ከቫዮሊን ገዘፍ፣ ድምጿም ወፈር ያለ መሣሪያ ናት። ዜማው የቫዮሊኖቹ ነው፤ ጭብጨባውም የእነሱ። ቪዮላ ግን ከልስን በታች እንዳለ ማገር ናት፤ ቤቱን ታቆማለች እንጂ አትታይም።

እትዬ ቪዮላ ገና አዲስ ተቀጣሪ ሳለች፣ ኦርኬስትራው ደራሲው ዝናን ሳያይ ያረፈ አንድ ሲምፎኒ ተጫውቶ ነበር። አንድ ምሽት ተሰማ፣ ተጨበጨበለት፣ ከዚያ ኖታው ታስሮ ምድር ቤት ገባ። ማንም አልቀረጸውም። ከዚያ ወዲህ ያ ሙዚቃ በዚህች ዓለም ላይ አንድ መጠጊያ ብቻ ቀረው፤ የእትዬ ቪዮላ ጉሮሮ። ሰሃን ስታጥብ፣ አልጋ ስታነጥፍ ታንጎራጉረዋለች። ያውም የራሷን ድርሻ፣ ዜማ የሌለውን።

“አንቺ ሴት፣” ይላል ባሏ ከጋዜጣው ቀና ብሎ፣ “ይሄ ነገር መቼ ነው የሚጀምረው? ካገባሁሽ ጀምሮ መግቢያውን ብቻ ነው የምሰማው!”

“ዜማው ሌሎቹ ጋ ነው ያለው።”

“ታዲያ እነሱንም ላግባ?”

አዲስ የኦርኬስትራ መሪ በመጣ ቁጥር ኖታውን ከምድር ቤት አውጥታ፣ ታቅፋ ደጃፉ ላይ ናት። “ይህቺን ብቻ እዩልኝ።” የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ “የተቀረጸ ካለሽ ስጪኝና ልስማው።”

“ቢቀረጽማ ምን አስለመነኝ!”

ስላልሰሙት አይጫወቱትም፤ ስላልተጫወቱት አይሰማም። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ይተወው ነበር። እሷ ግን እምቢታን የምትቆጥረው ኖታ ውስጥ እንዳለ የዝምታ ምልክት ነው፤ ዝምታም እየተቆጠረ ተራ እስኪደርስ ይጠበቃል እንጂ አይተውም።

ጡረታዋ ሲቃረብ የመጣው መሪ ወጣት ነበር። ኖታውን ቆሞ ማገላበጥ ጀመረ፤ እንደቆመም ቀረ።

“እትዬ፣ ይሄንን እስከ ዛሬ የት ደብቀውት ነው?”

“እኔስ አልደበቅኩትም ልጄ። ቀንም ሌትም ሳንጎራጉረው ነው የኖርኩት።”

እንዲቀረጽ ወሰነ። አዳራሹ ግን የእነሱ የነበረው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ሙዚቃው ወይ በዚያ ቀን ይቀረጻል፣ ወይ ተመልሶ ምድር ቤት ይገባል።

ቀኑ ደርሶ ጀመሩ። ብዙም ሳይሄዱ፣ አዳራሹን ከመቅረጫ ክፍሉ ከሚለየው መስታወት ወዲያ የተቀመጠው የድምፅ ባለሙያ በድምፅ ማጉያው አስቆማቸው። “ይቅርታ፣ የሆነ ነገር ያጉረመርማል።” ማራገቢያውን አጠፉ። እንደገና ጀመሩ። “አሁንም አለ። ከቪዮላዎቹ በኩል ነው።”

“እትዬ፣” አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ባልደረባዋ በሹክሹክታ፣ “እርስዎ ነዎት።”

ዕድሜ ልኳን ስታንጎራጉረው ጉሮሮዋና የቪዮላዋ ቀስት አንድ ሆነዋል። ከንፈሯን ነከሰች፤ በአፍንጫዋ ወጣ። እርሳስ በጥርሷ ያዘች፤ እርሳሱም አብሯት አንጎራጎረ። ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ፀሐይዋ በአዳራሹ መስኮት ላይ ስታዘቀዝቅ አየች። ቪዮላዋን ሳጥኗ ውስጥ አስተኝታት ተነሳች።

“እትዬ፣ ወዴት ነው?” አለ መሪው ደንግጦ። “ያለ እርስዎማ አይሆንም!”

“የሚሆነውስ ያለ እኔ ነው። በሉ ልጆቼ፣ አደራ።”

ያን ሁሉ ዘመን የለመነችው እዚያ ወንበር ላይ ሆና ልትጫወተው ነበር። እግሯ እየከበዳት ከመስታወቱ ወዲያ ገባች። ባለሙያው ወንበር ሳበላት፤ የመቅረጫዋ ቀይ መብራት በራች።

ከቪዮላ ወንበር ሆኖ ሲምፎኒ መስማት፣ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ቤትን እንደማየት ነው። እንዲህ ሙሉውን፣ ከፊት ለፊት፣ ሰምታው አታውቅም ነበር። ዋሽንቶቹ እንደ ጠዋት ብርሃን ሾልከው ገቡ። ቫዮሊኖቹ የሚወዱትን ሰው ከሩቅ እንደሚጠሩ ሆኑ። ከስራቸው ደግሞ የራሷ ድርሻ፣ በሌሎች እጅ፣ ሰፊ ክንድ ሆኖ ሁሉንም አቅፎ ይሄዳል።

“እንዲህ ነበርሽ እንዴ?” አለች ቀስ ብላ፤ ማንን እንደምትጠይቅ እሷም አላወቀችም።

የመጨረሻው ድምፅ አዳራሹን ዞሮ ጠፋ። “እንዴት ነው?” አለ መሪው ከወዲያ። ባለሙያው “ንጹሕ ነው” ሊል ሲል ክንዱን ያዘችው።

“አንዴ ይድገሙት በላቸው።”

“ምነው እትዬ፣ ስህተት ሰሙ?”

“ስህተትስ የለውም። ሳለቅስ መሃሉ አመለጠኝ።”

ባለሙያው ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለ። “አንድ ጊዜ ድገሙት፣” አለ፤ “እትዬ ሰምተው አልጨረሱም።”