ፍልውሃ ያጠቆረው አምባር

እናቴ ታላቅ እህቴን ስትድር የሰጠቻት የብር አምባር ከእናቷ የወረሰችው ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴን ጨርሼ ሸዋ ሮቢት ስመለስ ያ አምባር የሰፈሩ ወሬ ሆኖ ጠበቀኝ።

እህቴ ከአማቷ ጋር ፍልውሃ ወርዳ ስትታጠብ አምባሩ እጇ ላይ እንዳለ ጠቁሮ ከሰል መሰለ። አማቷም "አርቲፊሻል ነው" አሉ። ለእሷ ብቻ ነግረው ቢተዉት ምን ነበረበት! ወፍጮ ቤት ለተሰለፈው ሰው ሁሉ አወሩት። እናቴ ልጇን በሐሰተኛ ጌጥ የዳረች ሴት ተባለች። ከዚያ ወዲያ ማሽላዋን ይዛ ወፍጮ ቤት የምትሄደው ሰው ከተበተነ በኋላ ሆነ። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

ይበልጥ ያበገነኝ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። የገማ እንቁላል የሚሸተው የፍልውሃው ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። ብር ሲያገኝ በላዩ ላይ ሲልቨር ሰልፋይድ የሚባል ጥቁር ሽፋን ይሠራል። እርግጥ መዳብንም ያጠቁራል፤ ይህን አልደብቅም። ግን ጠቆረ ተብሎ እንዴት ሰው ይዋረዳል?

እህቴ ቤት ሄጄ በአሉሚኒየም ድስት ውሃ አፈላሁ፤ ጨውና ሶዳ ጨምሬ አምባሩን ከድስቱ ውስጥ አጋደምኩት። አማቷ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

"አንቺ ተማሪ፣ አምባር ቀቅለሽ ልታበዪን ነው?"

"ትንሽ ይታገሱኝ፣ እትዬ።"

"እኔም እኮ የብር አምባሬን እንዳደረግሁ አብሬያት ነው የገባሁት። ይኸው፣ ወላሂ፣ እንደ መስታወት ያበራል!" እጃቸውን አፍንጫዬ ሥር አወዛወዙት።

ያው የፍልውሃው ሽታ ከድስቱ ተነሣ። አምባሩን ሳወጣው ነጭ ነበር፤ መዳብ ቢሆን ቀይ ሆኖ ይወጣ ነበር። እህቴ እንባዋ መጣ።

"ታዲያ ያን ጊዜ ምን አጠቆረው?" አሉ አማቷ።

"ብርነቱ ነዋ፣ እትዬ። ያ ውሃ ብር ካገኘ ሳያጠቁር አይለቅም።"

የራሳቸውን አምባር አዩት፤ ቀስ ብለው ሻርፓቸውን ሳቡበት። እኔም ስለ እሱ ትንፍሽ አላልኩም። እሳቸው ግን ይቅርታ አልጠየቁም፤ ወፍጮ ቤት የዘሩትንም ወሬ ሄደው አልለቀሙትም።

በማግስቱ እናቴ አምባሩን ከእህቴ ተውሳ አጠለቀች። ወረፋው እስኪረዝም ጠብቃ ማሽላዋን ተሸክማ ወጣች።