የሐሙስ ቀይ ሥር

ጋሽ ቀናው ቀይ ሥር አይወዱም ነበር። ለመንገድ ቅየሳ ተመድበው ከጎጃም ጅግጅጋ ከገቡ ሠላሳ ዓመት አለፋቸው፤ ባለቤታቸው ሶሲ በጾም ከድንች ጋር ቀቅላ ስታቀርብላቸው ድንቹን እየለቀሙ ቀዩን ወደ እሷ ጥግ ይገፉት ነበር። እንግዲህ ሰው የናቀው ነገር ፈልጎ አያጣውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በሳምንት አምስት ኪሎ ቀይ ሥር ለብቻቸው መጨረስ ግድ ሆነባቸው።

ነገሩ የመጣው ከደግነት ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ሶሲ ፊቷ ገርጥቶ፣ ከበር እስከ ጓዳ መሄድ አቃታት። ሐኪሙ "ደማቸው ወርዷል፤ ለተጨማሪ ምርመራ አዲስ አበባ ቢሄዱ ይሻላል" አለ። ደሃቦ የምትባለው የአጥር ጎረቤታቸው፣ ከድንበሩ ከተማ ከቶጎጫሌ ጨርቅ እያመጣች የምትሸጥ ሴት፣ ከዚህ ሁሉ "ደም" የሚለውን ብቻ ሰማች። "ለደም ቀይ ሥር ነው፤ ወላሂ፣ እኔን ከወሊድ ያስነሳኝ እሱ ነው!" አለችና ሐሙስ ዕለት፣ የሐረር አትክልት ሲራገፍ ጠብቃ፣ ፌስታል ሙሉ ይዛ መጣች። ጋሽ ቀናውም የአዲስ አበባውን ጉዞ ዛሬ ነገ እያሉ፣ ጠዋትና ማታ እየፈጩ እየጨመቁ አጠጧት። ሦስት ወር ሙሉ! ሶሲ "በቃኝ፣ አፈር አፈር ይለኛል" ስትል፣ "ለነፍስሽ ብለሽ" እያሉ ብርጭቆውን ወደ ከንፈሯ ያስጠጉት ነበር።

ሰኔ ላይ አዲስ አበባ የምትኖረው ልጃቸው መጥታ እናቷን ለምርመራ ወሰደቻት። ቤቱን የሚጠብቅ ስለሌለ እሳቸው ቀሩ። ደሃቦ ግን "በአውቶቡስ ላክላት" እያለች ሐሙስ ሐሙስ ማምጣቷን ቀጠለች፤ ሁለት ጊዜም ላኩላት። በሦስተኛው ሳምንት ልጃቸው ደወለች።

"አባዬ፣ ኩላሊቷ ነው። ሐኪሙ ቀይ ሥር እንዳታቀምሷት ብሏል፤ ለእሷ ሕመም ጥሩ አይደለም አለ። ሦስት ወር እንደጠጣች ስነግረው ዝም አለ።"

ዝም ማለቱ ነው ጋሽ ቀናውን የጎዳቸው። ቢቆጣ ይሻል ነበር። በዚያ ቀን እጃቸውን ደጋግመው ታጠቡ፤ የጥፍራቸው ዙሪያ ግን እንደቀላ ቀረ።

ለደሃቦ እንዳይነግሯት ያውቋታል፤ አትችለውም። ከአምስት ዓመት በፊት አብሽር የሚባል የእህቷን ልጅ ዕቃ እንዲያመጣላት ቶጎጫሌ ልካው፣ መኪና ተገልብጦ ሞቶባታል። ከዚያ ወዲህ እጇ ሂና አይቶ አያውቅም። በየዒዱ ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ "እኔ ነኝ የላክሁት" ትላለች። በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ማን ይጭንባታል? ጋሽ ቀናው ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ፤ ሐሙስ ሲመጣም ፌስታሉን በሁለት እጃቸው አመስግነው ተቀበሉ።

መጣል አይቻልም። ቆሻሻ መጣያው በደሃቦ በር ፊት ነው፤ ደግሞም እህል አይጣልም። በዚያ ላይ፣ ለሰው ባይናገሩትም፣ ያጠጧትን ያህል እሳቸውም ሊጠጡት እንደሚገባ ይሰማቸው ነበር። ስለዚህ ሥሩን ቀቅለው በሎሚና በቃሪያ፣ ቅጠሉን እንደ ጎመን በሽንኩርት ጠብሰው በሉ። ከሩዝ ጋር ቀቀሉት፤ ሩዙም ቀላ። በባዶ የማር ጠርሙሶች በአቼቶ ዘፈዘፉት። ስስ አድርገው ከትፈው ቆርቆሮ ላይ ሲያሰጡት የጅግጅጋ ነፋስ ግማሹን ጠርጎ ወሰደላቸው፤ በዚያ ክረምት ያገኙት እርዳታ ይኸው ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት ሽንታቸው ቀልቶ ሲያዩ "የእኔም ኩላሊት ተከተላት" ብለው እስከ ማታ ተኝተው ሞታቸውን ጠበቁ። ኋላ ቀይ ሥሩ መሆኑ ሲገባቸው ሳቁ። የሚነግሩት ሰው ፍለጋ ዞር ሲሉ ቤቱ ባዶ ነበር።

የቀረውን ለደሃቦ ፍየል ማብላት ጀመሩ። ይህ ብልሃት የቆየው አራት ቀን ነው። በአምስተኛው ፍየሏ አፏ እስከ ጺሟ ቀልቶ ወደ ቤቷ ስትገባ ደሃቦ እየጮኸች መጣች።

"ቀናው! ፍየሌን ምን ነከሳት?" ደሃቦ አንቱታ አታውቅም፤ ጋሽ ቀናውም ይህን ይወዱላት ነበር።

"ጓዳ ገብታ ቀይ ሥሩን በላችው" አሏት።

"የሶሲን ደም? የሶሲን ደም ፍየል በላው?" ፍየሏን በነጠላ ጫማዋ አባረረቻት። በሚቀጥለው ሐሙስ ፌስታሉ ሁለት ሆነ።

ሶሲ ጳጉሜን ላይ አረፈች። ጋሽ ቀናው አዲስ አበባ ሄደው ቀበሯት፤ አርባዋን አውጥተው፣ ልጃቸው "እዚሁ ቅር" እያለች ስታለቅስ፣ በአውቶቡስ ተመለሱ። በሩን ሲከፍቱ የተቀበሏቸው የአቼቶ ጠርሙሶቹ ናቸው፤ በመደዳ ቆመው።

ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ደሃቦ ደረሰች። "አላህ ሰብር ይስጥህ፣ ያጽናህ" ብላ አጠገባቸው ተቀመጠችና አለቀሰች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"አንድ ነገር ሆዴን ይበላኛል። ግንቦት ላይ ለዕቃ ስመላለስ ሁለት ሐሙስ አለፈኝ። ሁለት ሐሙስ አላመጣሁላትም፣ ቀናው። ባመጣ ኖሮ..."

ጋሽ ቀናው እውነቱን የሚነግሩት ሰው በዓለም ላይ ቢኖራቸው ይህች ሴት ነበረች። "በእጄ ያጠጣኋት እኔ ነኝ" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሂና የሌለውን እጇን አዩት።

"ያመጣሽላት ከበቂ በላይ ነበር" አሏት።

ደሃቦ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ከልቧ አንድ ነገር እንደወረደላት ፊቷ ላይ ታየ። ዕንባዋን ጠርጋ ከሻርፗ ሥር ፌስታል አወጣች። ሐሙስ ነበር።

"አንተም ደምህ አልቋል፤ ፊትህን አላየኸውም" አለችና ጓዳ ገባች። መፍጫው ጮኸ፤ ብርጭቆ ሙሉ ይዛ ተመለሰች። ጋሽ ቀናው ሲያመነቱ ወደ ከንፈራቸው አስጠጋችው።

"ለነፍስህ ብለህ" አለቻቸው።

ጠጡት። ሶሲ እውነቷን ነበር፤ አፈር አፈር ይላል። እስከ ታች ጨርሰው ብርጭቆውን መለሱላት።

"በሚቀጥለው ሐሙስ አመጣልሃለሁ" አለች ደሃቦ ከበሩ ላይ።

ሌላ ወደዚያ ቤት የሚመጣ ሰው አልነበረም።

"አምጪልኝ" አሏት።