ታደሰ ያልመታው አውስትራሊያዊ

ይህ ነገር የደረሰብኝ፣ ኧረ ደረሰብኝም አይባል፣ ያደረስኩት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ቶሮንቶ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት በጋ ላይ ነው። ይኸው አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም ቁጭ ባልኩበት ትዝ ሲለኝ ተነስቼ መንጎራደድ እጀምራለሁ። ሚስቴ "ደግሞ ምን ነካህ?" ትለኛለች። እስቲ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ያኔ ፓርክዴል ውስጥ ከታደሰ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ የደሴ ልጅ፣ እስላም፣ በትንሽ ትልቁ ቱግ የምል። እሱ የነቀምት ልጅ፣ ጴንጤ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰው እንኳን የማይጠራ። እኔን እህቴ ስፖንሰር አድርጋ ስላመጣችኝ ወረቀቴ አልቋል። ታደሰ ግን ጥገኝነት ጠይቆ የኢሚግሬሽን ቀጠሮውን የሚጠብቅ ሰው ነበር። ሚስቱ ሱዳን ቀርታለች። የሱ ወረቀት ካልወጣ እሷም አትመጣም።

እሁድ እሁድ መናፈሻ ሄደን ኳስ እንጫወታለን። ከኛ አለፍ ብሎ ደግሞ አውስትራሊያዊያን ተሰብስበው የአገራቸውን እግር ኳስ ይጫወታሉ። እግር ኳስ ይሉታል እንጂ ኳሱ ሞላላ ነው፣ በእጅም በእግርም ይጫወቱታል። አንድ እሁድ ሰው ጎደላቸውና "ትገባላችሁ?" አሉን። ታደሰ "ኑርዬ፣ ይቅርብን" አለኝ። እኔ ነኝ እጁን ይዤ ጎትቼ ያስገባሁት።

የጨዋታው ዳኛ አንድ ሸበቶ ሰውዬ ነበሩ፤ ደንቡን በአምስት ደቂቃ ነገሩን። ኳስ የያዘን ሰው ጠምዝዞ መጣል ይቻላል። ኳሱ ቅርብ ከሆነ በትከሻ መግጨትም ይቻላል። በክርን መማታት፣ ከጀርባ መምታት፣ ኳሱ የሌለበት ቦታ ሰው መንካት ግን ክልክል ነው።

እኔን የያዘኝ ኬቨን የሚባል ግንድ የሚያህል ሰውዬ ነበር። ለሱ ደንብ የሚባል ነገር የለም። ኳሱ ወደ ሌላ በኩል ሲሄድ ጎኔን በክርኑ ይወጋኛል። ስሮጥ ከኋላ ቁምጣዬን ይጎትታል። ወድቄ ልነሳ ስል ጣቴን ረገጠኝ፤ ረግጦም ሳቀ። ለዳኛው ብነግራቸው "አላየሁም" አሉኝ። ምን ያድርጉ፣ ዓይናቸው ኳሱ ላይ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። ጨዋታውን ትቼ የሱን ማጅራት ብቻ ማየት ጀመርኩ።

ሊያልቅ ሲል ኳሱ ወደ ማዶ ጥግ ተለጋ። ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ኬቨንም ዞረ። ይሄኔ ከጀርባው ደርሼ ባለ በሌለ ኃይሌ መንጋጋው ላይ በክርኔ አቀመስኩት። ሲወድቅ ድምፅ እንኳን አላሰማም። እኔ ኳሱን እንደሚከተል ሰው ወደ ማዶ ሮጥኩ።

ዞር ብዬ ሳይ ታደሰ ሰውዬው ላይ ጎንበስ ብሏል። ሸሚዙን አውልቆ ደሙን ይጠርግለታል። ሌሎቹ ሲደርሱ ያዩት ምንድን ነው? የወደቀ ሰው፣ እሱ ላይ ያጎነበሰ ሐበሻ፣ ደም የነካው እጅ። "አንተ ነህ!" ብለው ከበቡት። ታደሰ በዚያች ባለችው እንግሊዝኛ "ኖ፣ ኖ" ይላል።

ያኔ አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። "እኔ ነኝ" ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አምቡላንሱ ሲመጣ እናገራለሁ አልኩ፤ መጥቶ ሄደ። ቤት ስንገባ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ገባን፣ እራት በላን፣ አልነገርኩትም።

ከዚያ በኋላ እረፍት የሚባል ነገር አላየሁም። በምሠራበት መጋዘን፣ ዌርሃውሱ ውስጥ፣ ካርቶን የማስቀምጥበት ጠፍቶኝ ስዞር እውላለሁ። ስልክ ሲጮህ እደነብራለሁ። የፖሊስ መኪና ካየሁ ስትሪትካሩን፣ የከተማውን ባቡር፣ ሳልጠብቅ በእግሬ እነካዋለሁ። ታደሰ ቀና ብሎ ባየኝ ቁጥር የማደርገው ነገር ፈልጌ እነሳለሁ፤ ያጠብኩትን ድስት መልሼ አጥባለሁ።

በሳምንቱ እሁድ ብቻዬን ወደ መናፈሻው ሄድኩ። ዳኛው አገኙኝ። የኬቨን መንጋጋ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፣ የሚመገበው በቱቦ ነው፣ እንደምንም ሲነሳ፣ ነገ ሳይሆን በሚቀጥለው ሰኞ፣ ፖሊስ ጋ ሄዶ ይከሳል አሉኝ። "ማንን?" አልኳቸው። "ያንን ጓደኛህን ነዋ!" አሉ። የታደሰ ቀጠሮ ደግሞ የዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። የክሱን ወሬ ለታደሰ ነገርኩት። ሎየሩ፣ ጠበቃው፣ ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ፤ ከቀጠሮው በፊት የፖሊስ ክስ ከመጣ ኬዝህ ይበላሻል አለው።

ወሬው ጋሽ ይማም ጋ ደረሰ። ጋሽ ይማም በዚያን ጊዜ ሠፈራችን ውስጥ ላለው ሐበሻ ሁሉ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ትልቅ ሰው ነበሩ። ታደሰን ጠርተው "ልጄ፣ ቅዳሜ ሄደን እግሩ ላይ ወድቀን እንለምነዋለን" አሉት።

"ጋሽ ይማም፣ እኔ አልመታሁትም" አለ ታደሰ።

"መታህም አልመታህም ሰው ተጎድቷል። ሰው በስምህ እያለቀሰ ቤት ቁጭ አይባልም።"

"እሺ እሄዳለሁ። ግን ያላደረግኩትን አደረግኩ አልልም።"

"አንተ ዝም በል፣ እኔ እናገራለሁ" አሉና ወደኔ ዞሩ። "ኑሩ፣ እንግሊዝኛው ያንተ ይሻላል። አንተ ታስተረጉማለህ።"

ወይ ጉድ! እምቢ እንዳልል ምን ብዬ? "እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ" አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት አራት ሆነን ሄድን። ጋሽ ይማም፣ ከታደሰ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ፣ ታደሰና እኔ። በዚያ ሙቀት ሁላችንም ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ። ኬቨን በሩን ከፍቶ ሲያየን ሃይማኖት ልንሰብክ የመጣን መስሎት መልሶ ዘጋው። "እግር ኳስ! እግር ኳስ!" ብዬ ጮኼ አስከፈትኩት። ፊቱ አብጦ ቢጫ ሆኗል፤ ጥርሱ በሽቦ ስለተገጠመ አይናገርም፣ በደብተር ላይ ይጽፋል። ታደሰን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ።

ሶፋውን አሳየን። ሽማግሌዎቹ አልቀመጥ አሉ። በኛ ወግ የተበደለው ሰው ይቅር ሳይል አይቀመጡም። እሱ በእጁ "ተቀመጡ" ይላል፣ እነሱ ቆመዋል። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈነዳ ነበር።

ጋሽ ይማም ጀመሩ። ከሩቅ አገር እንደመጣን፣ ይህ ልጅ እዚህ ዘመድ እንደሌለው፣ ሚስቱም ሱዳን እንደቀረች ተናገሩ። እያንዳንዷን አስተረጎምኩ። ከዚያ የታደሰን ትከሻ ይዘው "ልጃችን አጥፍቷል፣ ስለ ፈጣሪ ብለህ ማረው" አሉ።

አሁን ይህችን ማስተርጎም አለብኝ። ታደሰ አንገቱን ደፍቷል። ኬቨን ይጠብቃል፣ ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ። ድንገት በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኩ፤ "እኚህ ሰው ይሄ ልጅ መታህ ብለው ይቅርታ እየጠየቁህ ነው። እሱ አልመታህም። የመታሁህ እኔ ነኝ። እሱ ሊያነሳህ ነው የመጣው።"

ኬቨን ደብተሩን ሳብ አድርጎ "ጣትህ እንዴት ነው?" ብሎ ጻፈ። ቀጠለና "ፖሊስ ጋ አልሄድም። የኔና ያንተ ነገር እዚህ አለቀ። የሱን አንተ ጨርስ" ብሎ በእስክሪብቶው ወደ ታደሰ ጠቆመ።

"ምን አለ? ምን አለ?" ይላሉ ጋሽ ይማም።

አሁን ደግሞ የራሴን ነገር ለነሱ በአማርኛ መናገር ሊኖርብኝ! ለፈረንጁ መናገሩ ይሻል ነበር። እንደምንም አወጣሁት። ጋሽ ይማም አልተቆጡም፣ መቆጣት ይሻለኝ ነበር። "ዙር" አሉኝ ብቻ። ዞሬ ታደሰ ጉልበት ላይ ወደቅኩ፤ የሰውዬው ሳሎን ውስጥ፣ ኬቨን ደብተሩን ይዞ እያየ።

ታደሰ በክንዴ ይዞ አነሳኝ። "አይቼህ ነበር" አለኝ።

"ካየኸኝ ለምን አልተናገርክም?"

"አብረን ነው የምንኖረው ኑርዬ። ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅኩህ።"

ይቅር ብዬሃለሁ አለኝ። ያን ጊዜ ነው ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት።

ሐሙስ ቀጠሮው ላይ ምንም ክስ አልቀረበበትም። ከወራት በኋላ ወረቀቱ ወጣ፤ ሚስቱም መጣች፤ ክሬሰንት ታውን ቤት ተከራይተው ገቡ። እስከ ዛሬ ለቅሶ ላይ ሠርግ ላይ ስንገናኝ ጥብቅ አድርጎ ያቅፈኛል። አንድ ቀን እንኳን በነገር ነካ አድርጎኝ አያውቅም።

እሱ ከልቡ ይቅር ብሎኛል፣ ይህን አልጠራጠርም። እኔ ግን ከታደሰ ጋር ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአንድ ሳህን እየበላ ዝም ያለውን ያንን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አቅቶኛል።