የእርቁን ወረቀት ይዤ የህንዶቹ ሰልፍ ሄድኩ

ወሬው የደረሰኝ ቀን በዴሳ ገበያ ቦሎቄ እያስሰፈርኩ ነበር። ስልኬ ጮኸ... «እትዬ፣ ብርቱካንን ሞተር ገጭቷታል፣ ቶሎ ነይ» አለችኝ እህቴ። ሶዶ ስደርስ ልጄ በነጠላ ተሸፍናለች።

የገጫት ልጅ ከሞተሩ ወርዶ አይቷታል። አይቷት ነው አስነስቶ የሄደው። ቆመው የነበሩ ሰዎች ነግረውኛል።

ልጁ ከታሰረ በኋላ፣ ጊፋታ ሲቃረብ፣ ሽማግሌዎች መጡ። እኛ ወላይታዎች ቂም ይዘን አዲስ ዓመት አንገባም። «ፈርቶ ነው የሸሸው። ይቺን የእርቅ ወረቀት ፈርሚለት፣ ፍርዱ ይቅለልለት» አሉኝ። የልጁ ስም ከላይ ተጽፏል። «ላስብበት» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ልፈርም ነበር... ደክሞኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ህንዳዊቷ ሱኒታ መጣች። ባሏ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፣ ግቢዬ ውስጥ ተከራይተው ይኖራሉ። አማርኛ ያስተማረቻት ብርቱካን ናት።

«ማማ፣ ዛሬ የእኛ በዓል ነው። ክፉውን እናቃጥላለን። ነይ፣ ብቻሽን አትሁኚ።»

የንስሐ አባቴ እንዳይሰሙ እየፈራሁ ተከተልኳቸው። ህንዶቹ ከቀርከሃና ከወረቀት የሠሩትን፣ በተረታቸው ክፉ የሚሉትን ባለ አሥር ራስ ንጉሥ ተሸክመው፣ ከበሮ እየመቱ መንገዱን ያዙት። ባጃጆች ቆሙ። «ይሄ ሰውዬ ጉንፋን ሲይዘው ምን ይሆናል?» እያለ ሠፈሩ ይስቃል።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ሁሉም በቁራጭ ወረቀት እየጻፈ በንጉሡ ሆድ ይከት ጀመር። እኔ የጠላት ስም የሚከተት መሰለኝ። ከነጠላዬ ጫፍ የእርቁን ወረቀት ፈትቼ፣ ስሙን ለሱኒታ አሳይቼ ልከተው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ማማ፣ የሰው ስም አይደለም! የራስ ክፋት ነው የሚቃጠለው። እኔ ቁጣዬን ጻፍኩ።»

ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩት።

«የእኔ ክፋት ልፈርምለት ማሰቤ ነው» አልኳት።

እጄን ለቀቀችኝ። ከተትኩት። እሳቱ ሲለኮስ ሰው አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ልጄ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። «ፈረምሽ?»

«ተቃጠለ።»

«ምን ነካሽ አንቺ ሴት? ጊፋታ እኮ ነው!»

«ሌላ ብታመጡም አቃጥለዋለሁ። ልጄን ወርዶ ባየበት ዓይኑ ፍርድ ቤት ቆሞ እኔን ይይ።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ብርቱካንን በጸሎታችሁ አስቧት፣ ነፍሷን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልኝ። እሱን ግን ለእኔ ተዉት።