በማርያም ብላኝ አላመንኳትም

ይህን ለባሌም፣ ለነፍስ አባቴም አልተነፈስኩትም። እናንተ ስለማታውቁኝ ይሆናል የደፈርኩት። ቆቦ አጠገብ ባለች ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ሰው «ሲስተር» ይለኛል። እኔ አንዲትን እርጉዝ ውሸታም ብያታለሁ። እውነቷን ነበር።

ዝናሽ ትባላለች፤ ከሮቢት በኩል ናት፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር። ጊዜው ዐቢይ ጾም፣ ቀኑ ገበያ፣ ወንበሩ በሴት ሞልቷል። «ሲስተር፣ ውሃ ጥሙ አልቻልኩም፤ በሸናሁበት ሁሉ ጉንዳን ይሰፍራል» አለችኝ። «ቆላ አይደል እንዴ? ማን ያልጠማው አለ!» አልኳት። ያም ሆኖ ጣቷን ወግቼ ደሟን ለካሁ። ስኳሩ ከፍ ብሎ ወጣ፤ በልታ ከሆነ ያለ ነው፣ በባዶ ሆዷ ከሆነ ግን በሽታ ነው።

«ጾመሽ ነው የመጣሽው?»

«አዎ፣ ጾመኛ ነኝ።»

በኛ አገር ጾመኛ ማለት ሥጋና ወተት የማይቀምስ ነው። ለነፍሰ ጡር ጠዋት መቅመስ ስለማይከለከል፣ በሶ ጠጥተው መጥተው «ጾሜያለሁ» የሚሉኝ ስንቶች ናቸው! ከነሱ ቆጠርኳት። ቃሉን ፈታ አድርጌ መጠየቅ የማን ሥራ ነበር? የኔ።

«ኧረ በማርያም! ውሃ እንኳ በአፌ አልዞረም» አለች።

እኔ ምላሴ የሚቀድመኝ ሰው ነኝ። «በሶሽን ግጥም አድርገሽ መጥተሽ በማርያም ትምያለሽ? አታፍሪም!» አልኳት። ሴቶቹ ሳቁ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወጣች። ነገ ተመልሰሽ ተለኪ አላልኳትም። ቀጠሮዋን ስትቀርም አላስጠራኋትም። ስልኳ እኮ ነበረኝ!

ምጥ ይዟት በባጃጅ ሲያመጧት ሆዷ የመንታ ያህል ነበር። የልጁ ራስ ወጣ፣ ትከሻው ተሰነቀረ። በእነዚህ እጆቼ ጎተትኩት። በድን ሆኖ ወጣ፤ የሦስት ወር ልጅ ያህላል። አማቷ «ወይኔ፣ ይህን የመሰለ ልጅ!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ምን እንደገደለው አውቄያለሁ፤ ልጅን እንዲህ የሚያገዝፈው ያልታከመ የእናት ስኳር ነው። «የእግዜር ሥራ ነው» አልኩ። በእግዜር አላከክሁ!

ዝናሽ እጄን ያዘች። «ይቅር በይኝ ሲስተር። ያን ቀን እልህ ይዞኝ በስሟ ማልኩብሽ፤ እመቤቴ ናት የቀጣችኝ» አለች። እኔ ነኝ ልላት ይገባ ነበር። በኔ ኃጢአት እሷ ንስሐ ገባች፤ ስግደቱንም የሰገደችው እሷ ናት።

ዘንድሮ ደግሞ አርግዛለች። ጤና ጣቢያ አልረግጥም ብላለች አሉ፤ ዳግመኛ መማል እንዳይመጣባት። ባለፈው ገበያ አማቷን አግኝቼ ጤንነቷን ብጠይቃቸው፣ «ደህና ናት፤ ውሃ ብቻ አትጠግብም እንጂ» ብለውኝ አለፉ። ያው ያን ጊዜ የነገረችኝ ጥም ነው።

ከበሯ ደርሼ ተመልሻለሁ። ምን ፈራሁ? ስድቧን? ወይስ እንደገና ይቅር በይኝ እንዳትለኝ? እሷ የማታውቀውን እኔ አውቃለሁ፤ እያወቅሁም ይኸው ቤቴ ተቀምጫለሁ።

ማሩኝ አልልም። ሄጄ እስካልነገርኳት ድረስ፣ ሁለተኛውንም እየገደልኩ ያለሁት እኔ ነኝ።