ያልታጠፈ ብር

ላሊበላ ከተማ፣ ባንክ ቤት በገንዘብ ቆጣሪነት በገባሁበት ቀን ዋና ገንዘብ ያዥዋ እትዬ ዝናሽ መቶ ብር አስይዘው ዓይኔን አስጨፈኑኝ። «በአውራ ጣትሽ ዳስሺው። ዓይን ይታለላል» አሉኝ። እንጀራዬን ያቆየልኝ ያ ትምህርት ነው። ነፍሳቸውን ይማር።

ብሩ የተቀየረ ሰሞን ወረፋው ያጉረመርም ነበር። አንዱ ነጋዴ፣ «የድሮው ምን አጎደለ? ሠርግ አይጠራ፣ አዲስ ልብስ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ሰዉን አሳቀ።

«ብር አስመሳዩ የድሮውን አጥንቶ ጨረሰው። አሁን እንደገና ፊደል ይቁጠር» አልኩት።

ገበሬውም አብሮ ፊደል እንደሚቆጥር ግን ማን አሰበ?

በዚያው ሳምንት እማማ ስንዱ ከገነተ ማርያም መጡ። ልጃቸው ከሕመም ስለተነሣላቸው ለእመቤታችን የተሳሉትን ጊደር ሸጠዋል። ብሩን በሁለት ካርቶን መሃል አስተኝተውታል።

«በደብሩ ሒሳብ አስገቢልኝ። ገዢውን ያልታጠፈ ስጠኝ አልኩት። የተጨማደደ ለስለት ነውር ነው። እንዳይቆሽሽ እኔም በጣቴ አልነካሁት።»

ዳሰስኩት። ጫፉ ላይ ጣት የሚያገኘው ሻካራ ምልክት የለም። አዘነበልኩት፤ ብሩ ውስጥ ያለው የመለያ ክር ቀለሙን አልለወጠም። ሁሉም እንደዚያው።

«እማማ፣ ይኼ ሐሰተኛ ነው።»

«ኧረ ተይ! አንቺ ከያዝሽው ይልቅ የጠራ ነው እኮ!»

ሥራ አስኪያጁ መጣ። «ይያዛል፣ ለፖሊስ ይላካል። ምትክ የለውም» አለ።

«አዲሱን ብር ማን አሳያቸው?» አልኩት።

«በቴሌቪዥን ተነግሯል። የኛ ሥራ መስኮቱ ላይ ነው።»

 ሌባው አሮጌው የተሰናበተበትን፣ አዲሱ ያልታወቀበትን ጊዜ ጠብቆ ነው የመጣው። የእመቤታችንን ስለት ሲበላ እጁ አለመድረቁ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እማማ ስንዱ ባዶውን ካርቶን አንስተው፣ «ለእሷ ምን ልበላት?» አሉኝ። እኔም እናት ነኝ፤ እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩን አለቃ አስፈቅጄ፣ የራሴን አዲስ መቶ ብር ይዤ ገነተ ማርያም ግቢ ቆምኩ። «ዓይናችሁን ጨፍኑና ዳስሱት» አልኩ ምእመኑን።

«ዓይናችንን ስንገልጥ እንዳይጠፋ!» አሉ አንድ ቄስ። ተሳቀ።

እማማ ስንዱ ከሁሉም በላይ አሹት። «ከእንግዲህ የታሸውን ነው የምሰጣት። አትጠየፈኝም» አሉ። ጊደሯ አልተመለሰችም። ልጃቸው ግን ቆሟል፤ ተመስገን።

ብር የሚቀየረው አስመሳዩ ስለተማረ ነው። ባለገንዘቡ ሳይማር ከተቀየረ ግን ለሌባው ይመቻል።