ንጹህ የተባለው ባል

ጅጅጋ ውስጥ ውሃ በአህያ ተጭኖ በጄሪካን ይሸጥ በነበረበት ጊዜ፣ ጎረቤቴ ለባሏ ገላ መታጠቢያ ውሃ ታሞቅ ነበር። ባሏ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ እዚያው ከቀሩት አንዱ። እኔም ከመሃል አገር ተመድቤ የመጣሁ የሆስፒታል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። የምንኖረው አንድ ግቢ ስለሆነ ሁሉን አያለሁ። ሰውየው ከመሸታ ቤት በተመለሰ ቁጥር ሳይታጠብ ወደ አልጋው አይሄድም። ውሃው ላይ ሎሚ ጨምቃ፣ ጓሮ ቆማ በጣሳ ታፈስለታለች። ለራሷ የሚተርፋት ፊቷን የምታብስበት ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ "የኔ ባል ንጽህና ይወዳል" ብላ ትኮራበታለች። አከራያችን ሶማሌዋ ሴትዮ ሳትቀር "ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ንጹህ ወታደር አላየሁም" ትላለች። ትዝ ሲለኝ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ልጅ ግን አልመጣም። የባሏ እናት ከአገር ቤት በሚመጣ ሰው ሁሉ "ምን ሆና ነው የማትወልደው?" እያሉ ያስጠይቃሉ። እሷን ደግሞ ከእምብርቷ በታች የሚወጋ ሕመም ያዛት። "ብርድ ነው" እያለች ብዙ ቆየች። አንድ ቀን ጎንበስ ብላ ቀና ማለት ሲያቅታት እጇን ይዤ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ የወሰደላትን ናሙና ቀለም ቀብቼ በማይክሮስኮፕ አየሁት። መግሉ ውስጥ ተውሳኮቹ እንደ ባቄላ ክክ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቀምጠዋል። ጨብጥ ነው።

"ከሱ ሌላ ወንድ አላውቅም፣ እህቴ" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት። እሷ መርፌዋን ተወጋች። ባሏም መጥቶ እንዲታከም ሐኪሙ አጥብቆ ነገራት።

ሰውየው አልመጣም። ግቢ ውስጥ ጠብቄ ስጠይቀው ሳቀብኝ። "እኔ እኮ ወዲያው እሸናለሁ፣ በሎሚና በሳሙና እታጠባለሁ። ምን ይቀራል? የሚያመኝም ነገር የለም።" ይህን ያስተማሩት የጦር ሰፈሩ ነባሮች ናቸው። አዲስ ለመጣ ሁሉ እንደ መድኃኒት የሚያቀብሉት ምክር ነበር። የመሸታ ቤቶቹን ሴቶች ለምርመራ እየነዱ ያመጡልናል፤ ወንዶቹን ግን የሚነካቸው አልነበረም። ታጥበዋላ!

እዚያው ቆሜ አስረዳሁት። ይህ ተውሳክ አቧራ አይደለም አልኩት። በእኛ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ፣ ከፕሮቲን የተሠሩ ቀጫጭን ፀጉሮች አሉት። በነሱ የሰውን ሥጋ ቆንጥጦ ይይዛል። ከዚያ በራሱ በተውሳኩ ገላ ላይ ያሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ይበልጥ አስጠግተው ያጣብቁታል፤ ወደ ውስጥም ይዘልቃል። ሽንት ጠርጎ አያወጣውም፤ ሎሚህም አይደርስበትም። አንተን ባያምህም ከአንተ ወደ እሷ ይሄዳል።

"ፀጉር አለው?" አለና ለጓደኞቹ የሚያወራው ቀልድ እንዳገኘ ሰው እየተንከተከተ ገባ። በጥፊ ብመታው ኖሮ ዛሬ ትንሽ ይቀለኝ ነበር።

እሷ እየዳነች እንደገና ታመመች፤ ታክማ ደግሞ ታመመች። የምታድረው ከማን ጋር ሆነና! በመጨረሻ ሐረር ሄዳ ስትመረመር የማህፀኗ ቱቦዎች ሁለቱም ተደፍነዋል አሏት። ሰውየው ይህን ሲሰማ "መካን ናት" ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ፤ ሊፈታት ነው።

እባክሽ ተናገሪልኝ ስላለችኝ ሄድኩ። ሦስቱም ሽማግሌዎች የሱ ጦር ሰፈር ሰዎች ነበሩ። አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። በሽታው ከማን እንደመጣ፣ ማን አልታከምም እንዳለ፣ ቱቦዋን ምን እንደደፈነው። መሬት መሬት ያያሉ። እሱ ግን ከመቀመጫው ተነስቶ "ሐሰት ነው! አንድ ቀን እንኳ ሳልታጠብ አልቀረብኳትም!" ብሎ ጮኸ።

እሷ ቀና ብላ አየችውና "ከምን ነበር የምትታጠበው?" አለችው።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጄ፣ ይህ በሰው ፊት የሚነገር አይደለም" አሉ፤ ያሉት ለሱ ሳይሆን ለሷ ነው። ከዚያ ልጅ ለማይወለድበት ትዳር ምን ይደረጋል ተባብለው ፈረዱ። ልብሷን ይዛ በድሬዳዋው አውቶቡስ ሄደች። እሱን ታከም ያለው ሽማግሌ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ዘመዶቹ ከአገር ቤት ሌላ ልጃገረድ አመጡለት። ሳትለምደው ልንገራት ብዬ ቤቷ ገባሁ። አጠገቧ ተቀምጬ በሽታውንም፣ ከሷ በፊት የነበረችውንም ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችኝምም። የቀሚሷን ጫፍ እየጠቀለለች እስክጨርስ ሰማችኝ።

"ታዲያ ወዴት ልሂድ?" አለችኝ።